የኦይቫ ድርሻ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣
ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ሌሊት የሚጠራኝ፤
በኦውሉ ከተማ፣ ባሕሩ ሲጋገር፣
የሰው ደም በብልቃጥ ስደረድር፣ ስቆጥር።
ስም የለበትም ብልቃጡ፣ ሰረዝና ቁጥር።
አንዱን ግን አውቃለሁ፣ ከታችኛው ረድፍ፤
የኦይቫ ነው፣ የወንድሟ፣ ክዳኑ ሽርፍርፍ።

ኦይቫ በሃያ ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ፣
«ግድግዳው ያወራል» እያለ ቤት መጣ።
ዘር ከልጓም ይስባል፣ አለ ያየው ሁሉ።
ራውኒ የሂሳብ ተማሪ፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ፣
«ዘር ከሆነ ይቆጠራል፤ የቱ እንደሆነ ልይ።»

አንድ ሌባ ፈለገች፣ አንድ ጥፋት ያለበት፤
ከአራት መቶ ሰው ደም ያዘችው መሰላት።
ጋዜጣ ፎቶ አነሳት፤ ፕሮፌሰር ተባለች፤
ኬክ ተቆረሰ፤ እኔም በላሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአራት ሺህ ሰው ስትደግመው
ሌባው ጉም ሆኖ ከእጇ ሸሸ።
ሌላው ቢሆን ያድበሰብሳል። እሷ በገዛ ስሟ
«አልነበረም» ብላ ጻፈች። ቢሮዋን ዘጋች።
በዚያ ዓመት በጀቱ ደረቀ፣ ተማሪዎቿ ተበተኑ፤
ሁለት ብቻ ቀረንላት፤
እኔና ማቀዝቀዣው።

ከዚያ ነው ብዙውን መቁጠር የጀመረችው፤
ከመንደር መንደር ዞራ፣ ክንድ ስታስዘረጋ፣
መቶ ሺህ ሰው ሞላ። ኮምፒውተሩ ሲፈጭ አድሮ፣
አንድ ማለዳ ሲነጋ፣
ሁለት መቶ አርባ ቅንጣት።
አንዱም ሌባ አይደለም። ብቻውን ሲመዘን
ከላባ አይከብድም፤ በእኔም አለ፣ በእሷም፣
በአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ሠርጓ በደረሰ ሙሽራም።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባል የለ?
እዚህ ያበረው ድር
ያሰረው ወንድሟን ነው።

ኦይቫ አንድ ቀን መጣ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣
ስክሪኑን አየና ጠየቀ ሳይስቅ፤
«ከነዚህ ነጠብጣቦች የኔ ድርሻ የቱ ነው?»
ራውኒ ዝም አለች። እሷ የምታውቀው
የመቶ ሺህ ሰው ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም።
አማካይ አይታመምም፤ አማካይ ሌሊት አይባንንም።
«አላውቅም» አለችው፣ ረጅም ጊዜ ቆይታ።
«ደግ» አለ ኦይቫ።
«ግድግዳው ሁልጊዜ አውቃለሁ ነው የሚለኝ።»

ዛሬ ጡረታ ወጣች። ንግግር ነበር፣ አበባም፤
ዲኑ ስሟን ተሳሳተ፤ እሷ አላረመችውም።
ሲያበቃ ወደ እኔ ወረደች፣ «አንዴ አሳየኝ» ብላ፤
በጓንቴ አወጣሁላት። አየችው። አልነካችውም።
«መልሰው፣ እንዳይቀልጥ።»

በመስኮቱ ኦይቫ ይታያል፣ ከበረዶው ባሕር፣
ቀዳዳ ሰርስሮ፣ ክሩን አውርዶ፣ በትንሽ ወንበር፤
ሌላ ወንበር ባዶ ከጎኑ ነበር።

ቆለፍኩ። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤
ከዜሮ በታች ሰማንያ። ሁሉም በቦታው።