ገዳይ ማን ይባላል

ስሜ ምቩላ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ዝናብ፣
አሥራ ስምንት ዓመት ዱካ የማነብ።
ዝናብ ዱካ ያጠፋል። አባቴ ሲቀልድ
ይህን ስም አወጣ ገና ስወለድ።

ጥቅምት ሊያልቅ ነበር። ሉዋንግዋ ደርቆ፣
ጉማሬው በአንድ ኩሬ ተናንቆ፣ ተጨናንቆ።
ኢሎና ትባላለች፤ ከቡዳፔስት መጣች፣
በባለ አንድ ሞተር ሜዳው ላይ ወረደች።
ጠመንጃው የባሏ፣ ሰደፉ የረዘመ፣
ከሌላ ትከሻ ጋር አብሮ የከረመ።

አዳኙ ሄንድሪክ ነው፤ ጉዞውን የሚመራ፣
ከክፍያው በቀር ብዙም የማያወራ።
ቺሴንጋም አብሮን ነው፣ የዱር አራዊት ዘብ፣
ደብተሩን ታቅፎ በላብ የሚታጠብ።
እኔ ግን ከፊት ነኝ፤ ዓይኔ ከመሬት ላይ፣
በከረጢት አመድ ነፋስ የማሳይ።
ነካ ሳደርጋት ብናኟ ተነሥታ
ወደ ፊቴ መጣች፤ «ሂድ» አለችኝ፣ «በርታ»።

የመጀመሪያው ቀን የእናቶች መንጋ ነው፣
ጥጃ የሚከተል፤ ዝም ብለን አለፍነው።
በሁለተኛው ቀን ቆላ ዝንብ በላን፣
ዱካው ድንጋይ ላይ ወጥቶ አታለለን።

በሦስተኛው ንጋት አንድ ኮቴ አየሁ፣
የፊት ቀኙ ስንጥቅ፤ ጎንበስ ብዬ ለየሁ።
አውቀዋለሁ እሱን፤ አምና በመጋቢት
የእህቴን በቆሎ የበላ በሌሊት፤
ከመንጋው የወጣ፣ ብቻውን የዋለ፣
ጭቃ ተለብጦ ጭቃ የመሰለ።
ፋንድያውን ዳሰስኩ፤ ሙቀቱ አልለቀቀ፤
ሄንድሪክ እጅ አነሣ፤ ወሬያችን አለቀ።

ከዚያ በዳዴ ነው። ጉልበቷ ሲደማ
አየሁ፤ ከአፏ ግን እህም አልተሰማ።
ስልሳ እርምጃ ቀረን። ወፎች ከጀርባው ላይ
መዥገር ይለቅማሉ። ቀና አለ እኛን ሊያይ፣
ስሙ የተጠራ መስሎት ከሩቅ አገር
እንደ ሽማግሌ ቆሞ ሲጠራጠር።

ባለ ሦስት እግር ዱላ ከፊቷ ተከልኩ፣
እንዳይንቀጠቀጥ አንድ እግሩን ረገጥኩ።
ቆየች። ብዙ ቆየች። ከንፈሯ ሲነቃነቅ
በቋንቋዋ አወራች፤ ጸሎት ይሁን ጭቅጭቅ።

ተኮሰች። ወፎቹ ብትን አሉ ባየር፣
ጎሹን ዱሩ ዋጠው፤ ደም ቀረ ሣሩ ሥር።
የቆሰለ ጎሽ ዘንድ ፊት የሚሄድ ማን ነው?
ጠመንጃ የሌለው። ሕጉ እንደዚህ ነው።
ቅጠል ላይ ያየሁት ደም አረፋ አለበት፤
ሳንባ ነው። አይርቅም። ይዞራል በድንገት።

ዞረ። መጣ። መሬት ከእግሬ ሥር ዘለለ፤
ሄንድሪክ ከጆሮዬ ሥር ተኮሰና ጣለ።
ግራ ጆሮዬ ውስጥ ዛሬም አንድ ንብ አለ።

«ጎሽ! ጎሽ!» አሏት ሁሉም። እሱ ግን ተጋድሞ
ስሙ ሲጠራለት አልሰማም ፈጽሞ።
እሷ አጠገቡ ነች፤ ባርኔጣዋን ይዛ
ዝንብ ታባርራለች ከዓይኑ ላይ፣ ተክዛ።

ቀንዱ ተለካና ደብተር ተገለጠ፤
«የገዳይ ስም?» አለ ዘቡ ላቡን እየዋጠ።
ሄንድሪክ እሷን አየ፤ እሷ መሬት አየች፤
ከጃኬቷ ኪስ ውስጥ ወረቀት አወጣች።
ፈቃዱ በስሙ ነው፣ በባሏ፣ በዚያ ሰው፣
ከፍሎ ሳይመጣ ኅዳር ላይ በሞተው።
«እንዲሁ ጻፍ» አለች። ጻፈ ዘቡ፦ ጌዛ፤
ከመቃብር ሆኖ አንድ ጎሽ የገዛ።
ስንቶች «ገዳይ» ብለው ሲፎክሩ ሰማሁ፣
ሟች ገዳይ ሲሆን ግን ያን ቀን ብቻ አየሁ።

ራሱ በጨው ታሽቶ ባሕር ማዶ ሄደ፣
ሥጋው በቅርጫት ሆኖ መንደራችን ወረደ።
ለበቆሎዋ ካሣ እህቴ ሽንጥ ወስዳ
«በላኝ፣ በላሁት» አለች፤ ተፈታ ያ ዕዳ።
ማታ ልጄ ማሊታ «ማነው የገደለው?»
ብትል፣ «አንድ ሰው» አልኳት፣ «አይቼው የማላውቀው።»
«ደፋር ነው?» «እንጃልኝ።» «ይመጣል ተመልሶ?»
ዝም አልኩ። ሳቀችብኝ፣ አፏ በመረቅ ርሶ።

ሌሊት ስሜ ወርዶ ቆርቆሮውን መታ።
ጧት ሄድኩኝ ብቻዬን ወደዚያችው ቦታ።
ኮቴው፣ የእሷም ጫማ፣ የእኔም እግር የለም።
ደብተሩ ይቀራል፤ ዝናብ አይደርስበትም።