ሰማንያ ከዜሮ በታች

ጥር ወር፣ ታርቱ ከተማ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፤
ብርሃን እንደ ደመወዝ የሚዘገይበት።
የኤማዮጊ ወንዝ ላዩ ደርቋል፣ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፤
ዶክተር ኡርቬ ብስክሌት ትገፋለች፣ ድንጋዩ ያዳልጣል።

ዛሬ መጨረሻ ቀኗ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ጡረታ።
ኬክ ይቅር አለች፤ የኃላፊው ንግግርም፣ አበባም፣ ስጦታ።
«ማቀዝቀዣውን እናራግፍ» አለችኝ ጓንቷን አጥልቃ፣
«ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈልግም፣ በቃ።»
እኔ ቴክኒሻን ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከጎኗ ቆሜያለሁ፤
መቆጣቷን ከአፏ ሳይሆን ከጓንቷ አወላለቅ አውቃለሁ።

በሩ ሲከፈት ጉም ወጣ። ሠላሳ አራት ዓመት
የሰው አክታ፣ የሰው ደም፣ በትንሽ ጣት ልክ ብልቃጥ ተሰልፎ የቆመበት።
ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው። እሷ ግን ታውቃቸዋለች፤
«ይህች ከዓሣ ፋብሪካ፣ መንታ አዝላ የመጣች።
ይህኛው እስረኛ፤ ክኒኑን በካርታ ጨዋታ ያስይዝ የነበረ፤
ይኼኛው ድኖ፣ በሠርጉ ላይ ጫማዬ እስኪቀደድ ያስጨፈረ።»

ነቀርሳ አይቸኩልም። ሌላው ተሕዋስ በግማሽ ሰዓት ሲባዛ
እሱ ከአንድ ሁለት ለመሆን ቀን ይፈጃል፤ እንደ ውርስ ክርክር፣ እንደዋዛ።
ዘርቶ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ነው፤ እጅ አጣጥፎ፣ ዓይን አፍጥጦ።
«ባሌ» ብላኛለች አንዴ፣ ሳቋ በጭንብሏ ተውጦ፣
«በአምስተኛው ሳምንት ሄደ። አንዲት ሳምንት ቢታገስ
ውጤት አሳየው ነበር።»
ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች፣ ሳትተነፍስ።

ዘጠኝ ዓመት የለፋችበት መድኃኒት አይጥ ፈወሰ፤
ሰው ጋ ሲደርስ ጉበት አቃጥሎ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ።
ሌላው ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ይቀብረዋል፤ እሷ ጻፈችው፤
አራት ገጽ፣ «አልሠራም» ብላ፣ በስሟ ፈረመችው።
ከጎረቤት ቤተ ሙከራ ኬሚካል እንደ ጨው እየተበደርን፣
ለደብዳቤያችን መልስ የነፈጉንን ዓመታት ተሻገርን።

ታችኛው መደርደሪያ። ቁጥር አሥራ ሰባት።
እጇ ቆመ።
የብልቃጡ አመዳይ ጓንቷ ላይ እስኪቀልጥ ያዘችው፤ እኔም አልጠየቅኋት።
ወንድም እንደ ነበራት አውቃለሁ፤ ኢልማር፤ የጀልባ ስም፣ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ፤
ክፉ ክረምት ነበር አሉ፤ መድኃኒት የለ፣ ሰው ሁሉ ተሰላፊ።

አንድ ምሽት ስለ ቋንቋዬ ብትጠይቀኝ አንድ ቃል ነገርኳት።
ሳል ሲይዘው ሳለ ነው፤ ቀለም ነክሮ መልክ ሲያወጣም ሳለ፤
ሰውም በሕይወት ሳለ እንላለን፤ ገና ሳይሄድ፣ ገና እያለ።
እስክሪብቶ አውጥታ በራሷ ፊደል ጻፈችው ማቀዝቀዣው በር ላይ፤
ልጣፉ ተልጧል፤ ቃሉ ግን አለ፣ እንደ ጠባሳ የሚታይ።

«አሥራ ሰባትን ልዝለለው?» አልኳት መዝገቡን ይዤ።
«አይሆንም። ጻፍ። ቁጥር ነው።»
ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ጭምር፤ ጣቴ ደንዝዞ፣ እኔው ፈዝዤ።
ከሌሎቹ ጋር በሣጥን ወረደ፣ እንፋሎቱ ወዳለበት ምድር ቤት፤
መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ምንም የማይተርፍበት።

ሶኬቱን ነቀለች።
ሠላሳ አራት ዓመት ያጉረመረመ፣ ሰምተነው የማናውቅ ድምፅ ቆመ፤
ጸጥታው እንደሚያቆጠቁጥ ጥርስ ጆሯችንን አሳመመ።
ጓንቷን አወለቀች፤ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት።
እንዲህ ስታወልቅ አይቻት አላውቅም፤ ስም አላገኘሁለት።

ያኔ ነው ከበሩ ማዶ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ሰው ሳለ።
ሁለታችንም ቀና አልን።