ብረት ሲበርድ

"ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" ይላል ሰው፤
ሞሪን ኦልድሮይድን ግን የሚጥማት ሲበርድ ነው፣
ሲኮማተር፣ ሲንቋቋ፣ ሲያጉረመርም ለብቻው፣
መዶሻው ቤቱ ከገባ በኋላ የሚያወራው።

ሼፊልድ ነው ያደገችው፣ ከቢላዋ ፋብሪካ ማዶ፤
በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ሥራ ከከተማው ተሰዶ፣
ሦስት ሆነው ባንድ አቆሙ፦ ባለ ሁለት ክር ቤዝ ጊታር፣
ወደ ኋላ የሚያጫውት ቴፕ፣ ከበሮው የቆርቆሮ በር።

ሸክላቸው አራት መቶ ታተመ፤ ሦስት መቶው አልጋ ሥር ቀረ።
አንዱ ጋዜጣ "ጩኸት" አለው፣ ሌላው "መጪው ዘመን" ብሎ አከበረ፤
ሁለቱንም ቆርጣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈች፣
"ሁለቱም ልክ ናቸው" አለች።

በሰማንያ ሁለት፣ በበረዶ፣ ከቡፋሎ ወደ ቶሮንቶ፣
አሮጌው ቫናቸው ሐሚልተን ደርሶ ቆመ፣ ዘይቱን ተፍቶ።
ከበሮ መቺው አውቶቡስ ያዘ፣ ዘፋኙ ለእናቱ ደወለ፤
የሷ ጆሮ ግን ከሐይቁ ዳር፣ ከጭስ ማውጫዎቹ ሥር ዋለ።
የቀለጠው ሲፈስ፣ ሌሊቱ ብርቱካን ሲመስል፣
"እዚህ አንድ ነገር አለ" አለች፣ "ቀርቼ ልከተል።"
(እኔ ብሆን አምስተኛ ቅኝት እለው ነበር።)

አርባ ዓመት ሆነ።
ቀን ፒያኖ ትቃኛለች፣ በትምህርት ቤት፣ በጸሎት ቤት፣
ለአንዱ መቶ ሃያ ዶላር፣ ሻይ ካለም ከነወተት፤
ማታ ምድር ቤቷ ወርዳ፣ ያቃናችውን ታጣምማለች፣
ክሩን በቡሎን ወጥራ፣ በማንኪያ ታስጨንቀዋለች።
ሃያ ሰባት ካሴት አወጣች፤ ሁሉም ያለው አንድ ሰው በኦሳካ፣
አንድ የሃሊፋክስ ፖስተኛ፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ ለካ።

"ዘመንሽ አልፏል" ሲሏት
ሳቀች፤ ግራ ጆሮዋ ከሦስት ዓመት ወዲህ አልሰማ እያላት።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ አይደል? የሷማ ግማሹ ጭራሽ ተሰደደ፤
ቀሪው ከእንጨት ወለል ላይ፣ በእግር ጣት መስማት ለመደ።

ባለፈው ኅዳር፣ በጡረተኞች አዳራሽ፣
ትኬት ቆራጩ እኔ ነበርኩ፤ ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ሰው፤
ሁለቱ ቢንጎ መስሏቸው፣ አንዱን ዝናብ ነው ያመጣው።
መብራት ጠፋ።
የምድጃ በር ሲዘጋ፣ ረጅም ጩኸት፣ ከዚያ ዝም፤
ከዚያ የሚበርድ ብረት፣ እንደ ሽማግሌ ጉልበት የሚንቋቋ፣ የሚያዘግም።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም።
ዝላትኮ የሚሉት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት እሳት የጠበቀ፣
ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፣ ወደ መድረኩ ዘለቀ።
"የሁለት ቁጥር ምድጃ በር ነው" አላት።
"አዎ።"
"ተሳስተሻል።
በሩ ሁለቴ ነው የሚመታው።
ሁለተኛዋ ቀስ ያለች ናት፤ እሷን ቆርጠሻታል።
ከግራ ነው የምትመጣው።"

ሞሪን ቀኝ ጆሮዋን አዞረችለት።
ጠረጴዛውን በመዳፉ መታላት፣
አንዴ፣ ከዚያም ዝግ ብሎ፣ ሌላ።
እሷ መዳፏን እንጨቱ ላይ ዘርግታ፣
ዓይኗን ጨፍና፦
"ድገምልኝ።"