ባዶ ውሃ

ሊቦር ከትራም ነጂነት ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ግድግዳውን ለካው፣ ከጥግ እስከ መስኮት።
«ምንድን ነው?» አልኩት።
«ባሕር» አለኝ፤ እንዲሁ፣ ዳቦ ግዢ እንደሚሉት።

እኛ አገር ባሕር የለም።
ካርታው ላይ ቢፈልጉት፣ ቢያጎሉት አይገኝም።
ያለን ሞራቫ ነው፤ ሲሞላ ሳይጠሩት ምድር ቤት የሚገባ፣
ሲጎድል ጭቃውን ትቶ ውልቅ የሚል፣ እንደ ባለጌ ሌባ።

እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤
ቁጥር ካልሆነ በቀር ሌላ ነገር አያሳምነኝ።
«ክብደቱስ?» አልኩት። «ውሃው ብቻ ሁለት ቶን፤
ድንጋዩ፣ ብረቱ... ሦስት እንበለው።» «ወለሉስ ይችለን?»

የበረዶውን ወራት በወረቀት ላይ ሠራው፤ ሾርባ የነካው ንድፍ
ከገበታው አይነሣም፤ እኔም ሳህን የማኖረው በጠርዝ፣ በጫፍ።
ሳሎኑ ፊቱን ያያል፤ ሆዱና አንጀቱ፣
ፓምፑ፣ ማጣሪያው፣ የጨው በርሜሉ ከበስተኋላ ነው ቤቱ፣
ዮላና፣ ልጃችን፣ ትተኛበት በነበረው ክፍል።

ችግሩ ግድግዳው ነበር።
የሚቆረጠው ቦታ ላይ፣ በእርሳስ፣ በቀይ ብዕር
የልጅቷ ቁመት አለ፤ አራት ዓመት፣ ስድስት፣ አሥራ አንድ፣
«አትለኩኝ» ብላ እምቢ እስካለች ድረስ፣ «እኔ ነኝ ወይ ግንድ!»
ብርኖ ደወልንላት። «ቁረጡታ» አለች፣ አፏ ምግብ እንደሞላ።

መጋዙ ሲጮህ ጓሮ ወጥቼ በረዶ ስረግጥ ቆየሁ፤
ስመለስ አንድ ረጅም ልስን፣ ሳይሰበር፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አየሁ።
ስለሱ አልተነጋገርንም።
አሁን አልጋው ሥር ነው። ከባድ ነው። ገልጬው አላውቅም።

መስታወቱ በመጋቢት መጣ፣ ሦስት ሜትር ሊሞላ።
ሊቦር ሁሉን አስልቷል፤ ብርሃኑን፣ ጨዉን፣ ከወለሉ ሥር የብረቱን ባላ፤
አንድ ነገር ብቻ ረስቷል፦ የራሱን ቤት በር።
በሦስት ጣት ጠበበ። ሦስት ጣት! ድርቅ ብሎ ቆሞ ነበር፣
መብራት ጠፍቶበት ትራሙ ሃዲድ ላይ እንደ ቀረበት ሰው።
የሳሎኑን መስኮት ከነክፈፉ ንቀሉ ያልኩ እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም፤ ይታወስልኝ ይኸው።
ሽማግሌው ቡዲል፣ ሁለት ልጆቹ፣ ፖስታ የምታድለው ሴት ሳትቀር
ትከሻ ሰጡን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ የሌለው ባሕር ተሸክሞ ሲያጣጥር።

ከዚያ ሞላነው። የተጣራ ውሃ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ዘጠኝ ቀን።
ጨዉን በመቅዘፊያ ስናማስል ላብ አጠመቀን።
ከንፈሬን ስልስ፣ በወጣትነታችን፣ በቡልጋሪያ ዳር
የዋጥኩት ማዕበል ትዝ አለኝ። ለሊቦር አልነገርኩትም፤ ይኩራራል፤ ይቅር።

ዓሣስ? «ገና ነው፤ ውሃው ይብሰል» አለ። «መጀመሪያ የማይታዩት ይግቡ፤
መርዝ የሚበሉ ጥቃቅን ሠራተኞች ድንጋዩ ውስጥ ይራቡ።»
አንድ ወር። ሁለት። ደረሰኞቹን ደመርኩ፦ የመኪና ዋጋ፣ ለባዶ ውሃ።
ጎረቤት አጎንብሶ ያያል፤ የሚያየው የረጠበ በረሃ።
ድንጋዩ ቡኒ ለምድ ለበሰ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ጸጉር አወጣ።
ሊቦር በጥርስ ብሩሽ እየፋቀ «ጥሩ ነው» ይላል፤ «እንዲህ ነው ሲመጣ።»

አንድ ሌሊት ጉልበቴ እንቅልፍ ነሣኝ።
ቀዩን ባትሪ ይዤ ወረድኩ፤ ምን እንዳመጣኝ እንጃልኝ።
ከድንጋዩ ስንጥቅ አንድ ክንድ ወጣ፣ ከክር የቀጠነ፤
ሌላው ቀጠለ፤ አምስት ክንድ፤ አሸዋውን መዳበስ ጀመረ።
ማንም አልገዛውም። አልተጻፈም በደረሰኝ።
ከየትኛው ባሕር፣ በድንጋይ ሆድ ተሸሽጎ፣ የቱን ጉምሩክ አልፎ መጣብኝ?

ሊቦርን ልቀሰቅስ ደረጃው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።
ነገ ይየው፤ ዛሬ የኔ ነው አልኩ።
እርሳሱን ከመደርደሪያው አንሥቼ፣ ከመስታወቱ ጎን፣ አዲሱ ቀለም ላይ፣
ቀኑን ብቻ ጻፍኩ። ቁመቱን አልለካሁም፤
እሱም እምቢ ይለኝ እንደሆን አላውቅም።