መስመር መቶ አርባ አንድ

«ፏፏቴው ደረቀ» አለኝ ኤርቪን መጥቶ፣
ካቻቢቴውን በደረት ኪሱ እንደ እስክሪብቶ ከቶ።
ከትራም ፈረቃዬ ገና መግባቴ ነው፣
የካቶቪትሴ በረዶ ትከሻዬ ላይ ነው።
«የምን ፏፏቴ?» ስል፣ «የጨዋታው» አለኝ፣
«ሦስተኛው ዙር፣ ከዋሻው ወጥተሽ፣ ነይና እይልኝ።»

የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ቴሌቪዥን ሲጠግን፣
የሰፈሩ ሳሎን ሁሉ በእጁ ነበር የሚድን፤
ሥዕሉ ሲንከባለል፣ ድምፁ ሲሰነጠቅ፣
ከቄሱ በፊት ነበር ኤርቪን የሚጠየቅ።
ያ ሁሉ ከባድ ሣጥን ሄዷል ከቁራሌው ጋር፤
ለእሱ የቀረችው አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር፣
የጥንቱን ጨዋታ ሁሉ አስመስላ የምታኖር።

ወጣሁ አብሬው። አየሁ።
እውነቱን ነው፤ ውሃ የለም።
ሰማያዊ ሰንበር፣ ባዶ፣ ሰማያዊ ሰንበር፣ ባዶ፣
እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከገደሉ አፋፍ ወርዶ
ቆሟል።
ጠርዙ ምላጭ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ፣
ልክ እንደ ሰፈራችን፣ እንደ ኒኪሾቪየትስ ጡብ፣
ብቻ ብቻዋን ትቆጠራለች።

ሌሊቱን ፕሮግራሙ ራሱን አድሶ፣
«ቀለል እንዲልዎ ነው» የሚል ወሬ ለብሶ፣
የማሳያ ማጣሪያውን ምናሌ ጠቅልሎ
ሰውሮበት አድሯል፤ «አይፈልጉትም» ብሎ።

ቅንብር ገባሁ። ማሳያ። ብርሃን ብቻ አለ።
ተመለስኩ። ድምፅ። ቋንቋ። መቆጣጠሪያ። የለም።
«የላቀውን አሳይ» የምትል ግራጫ ጽሑፍ ጥግ ላይ፤
ብነካት ሌላ በር፣ ከበሩ በር በላይ።
ኤርቪን ከኋላዬ ቆሞ ያቃስታል፣
«ድሮ ጀርባውን ከፍተሽ ታዪው ነበር» ይላል፣
«የተቃጠለው ይሸታል፣ የላላው ይንቀጠቀጣል።
ይኼ ምኑ ይከፈታል?»

ይከፈታል።
ከአቃፊ ውስጥ አቃፊ፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ፋይል፣
ሁለት መቶ መስመር፣ ሥዕል የሌለው፣ ጌጥ የማይል፤
መቶ አርባ አንደኛው ላይ፣ ዝም ብሎ ተኝቶ፦
«ማጣሪያዎችን አሳይ፦ ሐሰት»።
አልጠፋም ነበር ከቶ።

ሐሰትን ሰረዝኩኝ፤ እውነት ብዬ አሰፈርኩ።
ቆይ ግን፣ ኤርቪን፣ አሁን ምንድን ነው ያደረግኩ?
ማጣሪያው ራሱ ውሸት ነው፤ ዝርግ መስታወት ያጎብጣል፣
ያልነበረ ጥላ በመስመር መሀል ያሰምራል፣
ጥርት ያለውን ቀለም ሆን ብሎ ያደፈርሳል፤
እውነት ብዬ ጻፍኩለት፣ ውሸቱ እንዲመለስ።

«ውሸት አይደለም» አለኝ፣ ወንበር ወደ እኔ ሲያስጠጋ፤
«የሣለው ልጅ ያውቅ ነበር ሽቦው እንደሚያፈስ፣
ቀለም ጎረቤቱን ቀለም እንደሚንተራስ።
ውሃ የሚሆን ቀለም ማሽኑ ስላልነበረበት
ግማሹን ሣለና ግማሹን ለብዥታው ተወለት።
ሰንበሩን እሱ ሣለ፤
ውሃውን ቴሌቪዥኑ።»

አጥፍቼ አበራሁ። ምናሌው ተመልሷል፣
እንደ ድመት፣ የትም እንዳልሄደ ሁሉ ተቀምጧል።
ጥምዝ መስታወት። የጨረር መስመር። የገመድ ብዥታ።
«ሰባ በመቶ» አለ፣ «ሰባ ይበቃል።
ሰማንያው የወይዘሮ ፒየሆታ ቴሌቪዥን ነው፤
እሱን እኔም አልቻልኩት።»

ከዚያ ሰንበሮቹ ተያያዙ።
ባዶው ሰማያዊውን ጠጣ፤
ገደሉ አፉን ከፈተ፤ ከውሃው ጀርባ ድንጋዩ
በስሱ፣ በስሱ ታየ።
ኤርቪን የስክሪኑን ጎን በመዳፉ መታ አደረገው፣
ካመሉ። የሚላላ ነገር የለውም እኮ።

«ያ የጋለ አቧራ ሽታስ? ሲበራ ጆሮ የሚወጋው፣
ያ ቀጭን ፉጨትስ?»
ፈለግኩ። ለእሱ ምናሌ የለም።

ዘለለ። ሁልጊዜ በሚወድቅበት ቦታ ወደቀ።
«እርጥብ ነው» አለኝ፣ እየሣቀ።
ትከሻዬን ዳሰስኩ፤ በረዶው ቀልጧል።