አረንጓዴው የቱ ነው?

የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ የምጽፍ ሰው ነኝ፤
«ቀስ ብለህ እለፈኝ»፣ «በቅናት አትግደለኝ»።
ቀለሜ በጣሳ፣ ብሩሼ በኪሴ፣
ሱቄ ፍራንኮ ነው፣ አዳማ፤ ጎረቤቴ ሙሴ።

ሙሴ ደበሌ ነው። አገሩ «ሙሴ» የሚለው
ባሕር ከፍሎ አይደለም፤ ፈረንሳይኛ ስላለው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ፋኖስ ተሸክሞ
ከጣቢያው ጫፍ ኖሯል፣ ከትንኝ ጋር ቆሞ።
ቀዩን ካወጣ ቁም፣ አረንጓዴው እለፍ፤
በሁለት ቀለም ብቻ ዕድሜው ሲያልፍ፣ ሲያልፍ።

አሁን ሐዲዱ ላይ ፍየል ነው ተሳፋሪ፤
ከጎኑ የሚያልፈው ባጃጅና ጋሪ።
አዲሱ ባቡርማ ከከተማ ርቆ
ሽው ይላል በመብራት፣ ጭስ መትፋቱን ንቆ።

አገሩ ሲገባ አንድ መሐንዲስ ፈረንሳይ
ትቶለት የሄደው አለ ግድግዳው ላይ፤
የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ቀኑ የተራገፈ፣
ዳር ዳሩ በዝንብ ኩስ ነጥብ የጎደፈ።
ሥዕሉ ጣቢያ ነው፣ የፓሪስ፤ ጣራው መስታወት፣
ሁለት ሦስት ባቡር ሰማያዊ ጭስ የሚተፋበት።

«ይኸ ሞኔ ነው፤» ይላል። «እብድ ነው፣ የኔ ልጅ፤
ሌላው መልአክ ሲሥል ጭስ የሣለ ፈረንጅ።
እሱ በሸራው ላይ ያን ጭስ ሣለው አሉ፤
እኔም ስስለው ኖርኩ፤ ምስክር ሳንባዎቼ አሉ።
ኋላ ግን ሲያረጅ፣ ሞራ ዓይኑን ጋርዶት፣
ኩሬው ዝገት ሆነ፣ አረንጓዴው ጠፍቶት።
ቱቦው ላይ ጽሑፉን አንብቦ ነው የሚለየው፤
ሣለ ግን። ሣለ። ያየውን እንዳየው።»

ይህን ሲል ሙሴ እኔን አይደለም የሚያየው፤
ከትከሻዬ በላይ፣ ወዲያ፣ ባዶውን ነው።

ሸክላ ማጫወቻው ሲጮህ፣ ሲያቃስት ቆይቶ
ፒያኖ ይሰማል፣ ጠብ… ጠብ… ተለያይቶ።
«ሳቲ ነው፤ ዝምታን እንደ ጨው የሚለካ፤
ሰባት ሙሉ ልብስ ነበረው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ለካ!
ከፓሪስ ቤቱ ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር በሌት፤
ሲሞት ክፍሉን ቢከፍቱት፣ ጃንጥላ የሞላበት።»
«አዳማ ቢኖር ኖሮ፣» አልኩት፣ «ለፀሐይ በያዘው!»
ከት ብሎ ሳቀ ሙሴ። ሳቁን ሳል ያዘው።

ራቬል ሲመጣ ግን ጣቱ ጠረጴዛ ይመታል፤
በክፍሏ መሐል ባቡር ከሩቅ ይመጣል።
«አባቱ መሐንዲስ ነው፤ ሞተር ያሳደገው ልጅ፤
ምቱን አይለውጥም፣ ድምፁን ይጨምራል እንጅ።
መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከአዋሽ ድልድይ ማዶ፣
እንደ ትንኝ ድምፅ፤ ኋላ መሬት ንዶ!
እሱም ግን…» አለና ምቱን ጣቱ ተወው።
«ዜማው ራሱ ውስጥ ሞልቶ፣ እጁ ፊርማ ጠፋው።»

መሽቷል። ንፋሱ ቆርቆሮውን ይነቀንቃል።
ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ይፍቃል።

«ላንተ ብቻ ልንገር፤ ዘርፌም አታውቀው።
ጡረታዬ አራት ዓመት ሲቀረው ነበር
ቀለሙ የተደባለቀው።
ሁለቱም ጭቃ መሰሉኝ።
በአረንጓዴው ፋኖስ እጀታ ላይ ጨርቅ ቋጠርኩ፤
በዓይኔ መስሏቸው፣ በጣቴ ነው የኖርኩ።
ሰውየው ጽሑፍ ሲያነብ፣ እኔ ቋጠሮ አነበብኩ።
ማንም አልሞተም፤
አንድ ፍየል እንኳን።»

ተነሳ። ከእግሬ ሥር ያሉትን ጣሳዎች ዳሰሰ።
«አረንጓዴው የቱ ነው?»
«በቀኝህ ያለው።»
ሌባ ጣቱን ነከረ፤
ግድግዳውን ተደግፎ የፓሪስ ጣቢያ ደረሰ፤
ከጭሱ መሐል፣ ከባቡሩ ፊት፣
አንድ ነጥብ አሳረፈ።
«እለፍ!» አለ፣ እንደ ድሮው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ቀይ ነበር።
ዝም አልኩ።
ባቡሩ አለፈ።