ከመቶ አሥራ ስምንት

ደብረ ብርሃን ጧት ነው፣ ውርጭ መስኮቱን ልሶ፤
ጋሽ ወንድይራድ ቱቦ ነፉ፣ ፊታቸው ደም ለብሶ።
“ይግፉት፣ ገና፣ ገና!” እላለሁ ከጎን ላይ፤
“የምን ፍም ነው ልጄ፣ እፍ ብዬው የማላይ?”

ሠላሳ አንድ ዓመት በብርድ ልብስ ፋብሪካ
ያበጠሩት ጠጉር ተቆጥሮ አልተለካ።
ዛሬ ግን ይለካል፦ የቀኝ ሳንባ ጫፉ፣
ዕጢው፣ ዕድሜው፣ ልቡ፣ የትንፋሹ ትርፉ።

ከዚያ ደረጃ ነው፣ ሦስት ፎቅ በእግራችን፤
ሁለተኛው ላይ ቆሙ፤ ዝም አልን ሁለታችን።
ከተማ እንደሚያይ ሰው ወደ መስኮት ዞሩ፤
እኔም “ቆመዋል” አልኩ፣ ጻፍኩት ከነቁጥሩ።

ደምረን ስናየው ከመቶ አሥራ ስምንት፦
ሳንባ ምች፣ አየር ማምለጥ፣ የልብ ምት መሳት።
ነገርኳቸው። ዝም።
“አሥራ ስምንቱን ሰዎች ታውቃቸዋለህ በስም?”
“አላውቅም።”
“እንግዲያ እኔም ከነሱ መሆኔን አታውቅም።”

ጋቢያቸውን አጣፍተው ከበሩ ሲደርሱ
ቀስ ብለው ዞሩና አንድ ነገር አስታወሱ፦
“ያኔ ደረጃው ላይ እኔማ መች ደከምኩ፣
አንተ ስታለከልክ ሰምቼ ነው የቆምኩ።”

እውነት ይሁን ኩራት እስካሁን አልገባኝ፤
ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ባዶ ቦታ ጠፋኝ።
“ቆመዋል” ያልኩትን ግን
አልሰረዝኩም።